የሳሙኤል ቤከር ጠመንጃዎች፤ ከመድፍ ልጅ እስከ ለስላሳ እርሳስ

ጠመንጃው ሳይጎርስ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል። የሚተፋው ጥይት ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 227 ግራም ነው። የክላሽ ጥይት ጫፉ ላይ ያለችው እርሳስ 8 ግራም ገደማ መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ያስደነግጣል። በዚያ ላይ ይሄ ጥይት ሆዱ ውስጥ 14 ግራም ባሩድ የታጨቀበት ስለሆነ ገላ ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል። ከኋላ የሚገፋው ባሩድ ደግሞ ወደ 18 ግራም ይጠጋል። ቃታውን የሳበ ሰው እንደቆመ አይቀርም፤ ግፊቱ አሽከርክሮ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል። በተከዜ ዳር የነበሩት አረብ አዳኞች የመድፍ ልጅ ብለው ስም አወጡለት። ባለቤቱ ደግሞ በቀልድ ህፃኑ ይለው ነበር። ይሄን ህፃን እሽሩሩ ሊለው የደፈረ ግን ብዙም አልተገኘም። ባለቤቱ ራሱ ይፈራው ነበርና።

ባለቤቱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ዋይት ቤከር ነው። ዓለም የሚያውቀው የአልበርት ሐይቅን ለአውሮፓ ያስተዋወቀ አሳሽ አድርጎ ነው። በአደን ስፖርት ታሪክ ግን ስሙ የሚነሳው በሌላ ጉዳይ ነው፤ ለየትኛው እንስሳ የትኛው የአፈሙዝ ስፋት (ካሊበር) ይሻላል? ጥይቱስ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ? የሚለውን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በገዛ ትከሻው እየሞከረ ያጠና ሰው በመሆኑ። ከሙከራዎቹ ከባዶቹን ያደረገው ደግሞ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ በሚወርዱት ወንዞች ዳር ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1861 እና 1862 ነበር፤ በእኛ 1853 እና 1854 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ እያሉ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤከር የተወለደው በ1821 ለንደን ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ሀብታም ስለነበር ለዳቦ ብሎ መስራት አላስፈለገውም። ሰውነቱ ደንዳና፣ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ይሄ በኋላ በደንብ ጠቅሞታል። በ1840፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ ብሪስቶል ከተማ ለሚገኘው ጊብስ ለተባለ ጠመንጃ ሰሪ በራሱ ሃሳብ የተነደፈ ጠመንጃ አዘዘ። ክብደቱ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል፣ የአፈሙዙ ርዝመት 91 ሳንቲ ሜትር፣ የሚጎርሰው ባሩድ 28 ግራም ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ጠመንጃ ሰሪዎች ይሄን ያህል ባሩድ የሚያስጎርስ ጠመንጃ አይሰሩም ነበር። የቤከር ሃሳብ ግን ግልፅ ነው፤ ትልቅ አውሬ ለመጣል ከባድ እርሳስ ያስፈልጋል፣ ከባድ እርሳስ ለመግፋት ብዙ ባሩድ ያስፈልጋል፣ ብዙ ባሩድ እንዳይጎዳህ ደግሞ ጠመንጃው ራሱ መክበድ አለበት። ይሄ ሂሳብ ዛሬም አልተቀየረም።

ጠመንጃውን ይዞ ሴሎን፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪላንካ ሄደ። እዚያ ዓመታት ተቀምጦ ዝሆንና ጎሽ አደነ። ቁጥሩን ዛሬ ያነበበ ሰው ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ግን አውሬ የሚያልቅ ነገር መሆኑ የገባው አይመስልም። ለእኛ ጨዋታ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፤ ቤከር በሴሎን ዝሆንን ፊት ለፊት ቆሞ ግንባሩን መምታት ለመደ። እዚያ ይሰራል። ዝሆኑ ሲመጣ ትጠብቀዋለህ፣ ሲቀርብ ትተኩሳለህ፣ ይወድቃል። ይሄ ልማድ ኢትዮጵያ ጠረፍ ላይ ሊያስበላው ነበር።

በ1855 የመጀመሪያ ሚስቱ ሞተችበት። በ1859 በኦቶማን ቱርኮች ግዛት በምትገኘው ቪዲን በተባለች የዳኑብ ወንዝ ከተማ ለባርነት ልትሸጥ የቀረበች ፍሎረንስ የምትባል ታዳጊ አገኘና ይዟት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለያዩም። በ1861 ሚያዝያ ወር ሁለቱ ከካይሮ ተነስተው የአባይን ምንጭ ለመፈለግ ደቡብን ሲይዙ፣ ቤከር አንድ ነገር ወሰነ። ወደ ነጭ አባይ ከመሄዱ በፊት አንድ ዓመት ከኢትዮጵያ በሚወርዱት ወንዞች ላይ ማሳለፍ። አረብኛም ይማራል፣ አደንም ያድናል፣ የግብፅ ጎርፍ ከየት እንደሚመጣም ያጣራል።

ይሄ የመጨረሻው ነገር የጣና ዳር ሰው በደንብ ይገባዋል። ከሜጫ ቆላልፎ የሚወርደው ቆጋ ወደ ግልገል አባይ ይገባል፣ ግልገል አባይ ወደ ጣና፣ ከጣና ደግሞ ባህር ዳር ላይ አባይ ይወጣል። ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሱት ራሃድና ዲንደር ሱዳን ወርደው እዚያው አባይ ላይ ይደርሳሉ። ጓንግ መተማን አልፎ አትባራ ይሆናል፤ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜም ከእሱ ጋር ይቀላቀላል። ቤከር አትባራ ዳር ሲደርስ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር። አዞና ጉማሬ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ተጨናንቀዋል። በሰኔ 1861፣ በ23ኛው ለሊት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ እየጮሁ ከአሸዋው ላይ ሸሹ። ሲነጋ ቤከር የቆመው 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከአምስት ሜትር ያላነሰ የሚጠልቅ ወንዝ ዳር ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ገብቷል ማለት ነው። ግብፅን የሚያጠጣው ጎርፍና የሚያለማት ለም አፈር ከኢትዮጵያ እንደሚወርድ ቤከር በዓይኑ አይቶ የፃፈው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ ጉዞውን የተረከበት መፅሐፍ በ1867 ታትሟል። የሚያሳዝነው ጣናን ራሱን ሳያይ መቅረቱ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አደኑ ተጀመረ። ለመሆኑ ምን ምን ይዞ ነበር?

መጀመሪያ የዘመኑን መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ የጠመንጃ ስፋት የሚቆጠረው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በልኩ ስንት ድቡልቡል ጥይት ይወጣል በሚል ነው። ባለ 10 ቁጥር ጠመንጃ ማለት አስሩ ጥይት አንድ ፓውንድ የሚሞላ ማለት ነው፤ አንዱ 45 ግራም ይሆናል፣ አፈሙዙም ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ባለ 24 ቁጥር ከሆነ አንዱ 19 ግራም፣ ስፋቱም 14.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጠመንጃው ይገዝፋል። ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ የሾት ጋን ቁጥር ዛሬም በዚሁ ስሌት የሚሄድ በመሆኑ አዳኞች ለምደውታል።

ቤከር ለከባድ አውሬ ሬይሊ የተባለው የለንደን ሰሪ የሰራቸውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ባለ 10 ቁጥር ጠመንጃዎች ይዟል። ለሜዳው እንስሳ፣ ማለትም ለቆርኬ፣ ለአጋዘንና ለመሳሰሉት ደግሞ ፍሌቸር የተባለ ሰሪ የሰራት ባለ 24 ቁጥር ጠመንጃ አለችው። ይህቺን ትንሿ ፍሌቸር እያለ ይጠራታል፤ ከእጁም አይለያትም። የመድፉ ልጅ ደግሞ ለክፉ ቀን ነው።

ሁሉም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ናቸው። ባሩድ ትጨምራለህ፣ እርሳሱን ታስገባለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ። ቆስሎ በሚመጣ ጎሽ ፊት ይሄን ሁሉ ማድረግ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ህይወትህ ያለው ከኋላህ ሁለተኛውን ጠመንጃ ይዞ በቆመው ሰው እጅ ላይ ነው። እሱ ከሮጠ አለቀልህ። ቤከርም ዞር ሲል ከኋላው ባዶ ሜዳ ያየባቸው ቀናት ነበሩት። ሰውዬው ስለ ረዳቶቹ ሲፅፍ አፉ ክፉ ነው፤ በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደው ንቀት እሱም ላይ አለ። ግን እስቲ እናስበው፤ ለጥቂት ብር ብሎ የሰው ጠመንጃ ተሸክሞ ዝሆን ፊት የቆመ ሰው ቢሮጥ ምኑ ይገርማል?

ወደ ጥይቱ እንመለስ። ጥይት ያኔ እንደ አሁኑ በካርቶን ተገዝቶ አይመጣም። አዳኙ ራሱ እሳት አንድዶ ያፈሰዋል። ቤከር የተረዳው ትልቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። ንፁህ እርሳስ ለስላሳ ነው። የቆርኬ ወይም የአጋዘን ገላ ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቱ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፤ ቁስሉን ያሰፋል፣ እንስሳውም ቶሎ ይወድቃል። ይሄው ለስላሳ እርሳስ የዝሆን ወይም የአውራሪስ አጥንት ሲያገኝ ግን ላይ ላዩን ተጨፍልቆ ይቀራል። ለእነሱ ጠንካራ ጥይት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤከር ከዘጠኝ እጅ እርሳስ ጋር አንድ እጅ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይቀላቅላል።

አሰራሩ ራሱ ጣጣ አለው። ባዜቃ በሙቀት ስለሚተን ድስቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከደፋኸው ይጠፋል። ስለዚህ እርሳሱ ለብቻው እስኪቀላ ይፈላል፤ ከዚያ በጭልፋ ለሦስት ወይም ለአራት ጥይት የሚሆን እየተቀዳ ባዜቃው ይጨመርበታል፣ በብረት ፈጠን ተደርጎ ይማሰልና ወዲያው ይፈስሳል። የባዜቃ ጭስ መርዝ መሆኑን ዛሬ ማንም ያውቃል። ቤከር በዚህ ሳይሞት ሰባዎቹን መሻገሩ ዕድለኛ ያሰኘዋል።

በእነዚያው ዓመታት ከጣና በስተ ምስራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች እውነተኛውን መድፍ ለማፍሰስ ይደክሙ ነበር። ቆላው ላይ የመድፍ ልጅ፣ ደጋው ላይ ደግሞ መድፉ ራሱ መሆኑ ነው።

ቤከር ሰቲት ዳር የሰፈረው ሐምራን ከተባሉት አረብ አዳኞች ጋር ነው። እነዚህ ሰዎች ጥይት የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም። በፈረስና በጎራዴ ብቻ ዝሆን ይገድላሉ። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑ ፊት ሄዶ ያናድደዋል። ዝሆኑ ሊረግጠው ሲያባርረው ሌሎቹ ከኋላ ይጋልባሉ፤ ከዚያ አንደኛው ከሚሮጥ ፈረስ ላይ ዘሎ ይወርድና በሁለት እጁ በያዘው ጎራዴ የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጠዋል። ዝሆን በሦስት እግር መሄድ አይችልም። ከሁሉም የገነኑት ጣሂር ሸሪፍና ወንድሞቹ ነበሩ። ዝሆኑን ፊት ለፊት የሚያባብለው ወንድሙ ሮደር ሸሪፍ አንድ እጁ የሰለለ ነበር፤ ልጓሙን እንደምንም ይዞ ሞትን ከኋላው አስከትሎ ይጋልባል። ስለ ድፍረት ከተወራ ዘጠኝ ኪሎ ጠመንጃ ከያዘው እንግሊዛዊ ይልቅ ዋንጫው ለእነዚህ ይገባል። ቤከር ራሱም አድናቆቱን አልደበቀም።

ከሐምራኖቹ መሃል ጉማሬን በጦር የሚያድኑም ነበሩ። ከጦሩ ጋር በታሰረ ገመድ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ እንጨት አለ፤ ጉማሬው ቆስሎ ቢጠልቅም እንጨቱ የት እንዳለ ይናገራል። የጣና ዳር ሰው ይሄን ሲሰማ የነገደ ወይጦን ሽማግሌዎች ማስታወሱ አይቀርም፤ እነሱም በጉማሬ አዳኝነታቸው የታወቁ ነበሩና።

እንግዲህ የግንባሩ ነገር የመጣው እዚህ ነው። ቤከር እንደ ሴሎን ልማዱ የአፍሪካን ዝሆን ፊት ለፊት ጠብቆ ግንባሩን መታ። ዝሆኑ አልወደቀም። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። ጠመንጃው አልተቀየረም፣ ተኳሹም ያው ነው። የተቀየረው የራስ ቅሉ ነው። የአፍሪካ ዝሆን የግንባር ቅርፅ ከእስያው ይለያል፤ አንጎሉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን የጥርሶቹ ስርና ወፍራሙ አጥንት ይከልሉታል። ቤከር ይሄን በደንብ የገባው ጭንቅላቱን አስፈልጦ ከመረመረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ትከሻውን ወይም ጎኑን መምታት መረጠ። ትልቅ ካሊበር ይዞ የተሳሳተ ቦታ መምታት ምን ማለት እንደሆነ የተማረው በዚህ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ስድስት ቶን የሚመዝን አስተማሪ ከፊቱ ቆሞ የተሰጠ ነው።

የመድፉ ልጅስ? በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የተተኮሰው። በብዙ ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ ገደማ ቢሆን ነው። የሚገርመው በተተኮሰ ቁጥር ግዳይ ጥሏል። በቁጥር ብቻ ካየነው እንከን የለሽ መሳሪያ ነው። ግን ባለቤቱ የሚፈራው ጠመንጃ ምን ይረባል? ሰው የሚፈራውን ጠመንጃ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቃታውን ይመነጭቃል። የቤከር ችግር ራሱ ያወጣውን ህግ መጣሱ ነበር፤ ዘጠኝ ኪሎ ለግማሽ ፓውንድ ጥይት አይበቃም። ጠመንጃው ይበልጥ መክበድ ነበረበት፤ ቢከብድ ደግሞ የሚሸከመው አይገኝም። በየቀኑ ስጋ ያበላችው፣ ቆርኬውንም አጋዘኑንም የጣለችው ትንሿ ፍሌቸር ነች።

ከሰቲት ወደ አንገረብ፣ ከዚያ የመክ ኒምር ልጅ ወደሚገዛው ጠረፍ አለፈ። አባትየው በ1822 የግብፁን ገዥ የመሐመድ ዓሊን ልጅ ኢስማኤል ፓሻን ሸንዲ ላይ በእሳት ያቃጠለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸሽቶ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ መጣ። ልጁ ቤከርን በደህና ተቀበለው። ከዚያ መተማ፣ ራሃድ፣ ዲንደር እያለ በሰኔ 1862 ካርቱም ገባ። ራሃድና ዲንደር ዛሬ በእኛ በኩል የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በሱዳን በኩል የዲንደር ፓርክ ያለባቸው ናቸው።

ቀሪው ህይወቱ በየመፅሐፉ ተፅፏል። መጋቢት 1864 አልበርት ሐይቅን አየ። በ1866 ሰር ተባለ። ከ1869 እስከ 1873 ለግብፁ ከዲቭ ተቀጥሮ በነጭ አባይ ላይ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ጦር መራ፤ የተሳካለትም ያልተሳካለትም ነገር አለ። ስፖርቱን በተመለከተ የሚጠቅመን ግን ሸምግሎ፣ በ1890፣ ስለ አውሬዎች የፃፈው መፅሐፍ ነው። መፅሐፉ የሚጀምረው ስለ ጠመንጃ ነው።

በዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተቀይሯል። ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ ሆኗል፣ ቀልሃ መጥቷል። በእንግሊዝ አዳኞች ዘንድ ደግሞ አዲስ ፋሽን ገብቷል፤ ጫፉ የተቦረቦረ፣ ቀላልና እጅግ ፈጣን ጥይት። ለሚዳቋና ለመሰል ቀጭን እንስሳት ግሩም ነው። ሰዎቹ ግን በዚሁ ጥይት ነብርና አንበሳ መተኮስ ጀመሩ። ቤከር ተቆጣ። ምክንያቱም ክፍቱ ጥይት ቆዳና ጡንቻ ላይ እንደደረሰ ይበታተናል። ትልቅ ቁስል ይታያል፣ ደም ይፈሳል፣ ልብና ሳንባ ጋ ግን የሚደርስ ነገር የለም። እንስሳው አይሞትም፤ ተቆጥቶ ይመጣል። በዚህ ምክንያት የሞቱ አዳኞች መኖራቸውን ቤከር ያውቃል።

በሌላ በኩል በጣም ጠንካራ ጥይት ቀጭኑን እንስሳ በስቶት ያልፋል። ጉልበቱን ይዞት ሄዶ ከኋላ ያለው ዛፍ ላይ ይጨርሰዋል። የቤከር መልስ በሁለቱ መሃል ነው። ካሊበሩ .577 ኢንች፣ ጥይቱ ያልተቦረቦረ ድፍን ንፁህ እርሳስ፣ ክብደቱ 648 ግሬን ወይም 42 ግራም፣ ባሩዱ ከአስር ግራም በላይ። ይሄ ጥይት ገላ ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፣ ግን አይበታተንም፤ ተሻግሮ ሄዶ በወዲያኛው በኩል ቆዳው ስር ይቀመጣል። ጉልበቱን በሙሉ ያዋለው እንስሳው ውስጥ ነው። ለዝሆንና ለአውራሪስ ሲሆን እርሳሱ ይጠነክራል።

ልብ ያለ አንባቢ አንድ ነገር ያያል። .577 ኢንች ማለት 14.7 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሿ ፍሌቸር ስፋትም እሱው ነበር። ሰውዬው በዘጠኝ ኪሎ ተኩሉ ጠመንጃ ጀምሮ፣ በመድፉ ልጅ አልፎ፣ ሃምሳ ዓመት ዞሮ ሲያበቃ የመረጠው ስፋት ተከዜ ዳር በእጁ ይዟት የነበረችውን ነው። የተለየው ጥይቱ ረዝሞ መክበዱና ባሩዱ መጨመሩ ነው። .577 ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ስናድር የሚሉት ጠመንጃ ካሊበሩ ይሄው ነው፤ በ1868 የናፒየር ወታደሮች አሮጌና መቅደላ ላይ የተኮሱት። የስናድር ባሩድ ግን ቤከር ከሚፈልገው ግማሹን እንኳ አይሞላም። እና አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸው ሁለት ጠመንጃዎች እኩል ናቸው ማለት ስህተት ነው።

የቤከርን ሃሳብ የሚገለብጥ የሚመስል ሰው ከእሱ በኋላ መጣ። ስኮትላንዳዊው ደብሊው ዲ ኤም ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኡጋንዳ ተነስቶ እስከ ኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ እየዞረ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገደለ። አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ሞዘር ነው፤ ጥይቱ 173 ግሬን፣ ማለትም 11 ግራም ብቻ። ለቤከር ይሄ የልጅ መጫወቻ በሆነበት ነበር። ሚስጥሩ ቤል የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ አስቆርጦ አንጎሉ የት እንዳለ ከየአቅጣጫው ማጥናቱ ነው። የተጠቀመው ደግሞ በብረት የተሸፈነ፣ የማይዘረጋ ጠንካራ ጥይት ነበር። ቤል እንዳደረገ አደርጋለሁ ብለው በትንሽ ካሊበር የወጡ ብዙዎች አልተመለሱም፤ የቤል ዓይንና የቤል እጅ አልነበራቸውማ። ሲታይ ግን ሁለቱ ሰዎች ብዙ አይጣሉም። ሁለቱም የአፍሪካን ዝሆን ያወቁት ጭንቅላቱን ከፍተው አይተው ነው፤ ሁለቱም የሚጨነቁት ጥይቱ ሊደርስበት የሚገባው ቦታ ድረስ ሳይበላሽ ስለመድረሱ ነው።

ዛሬ የሜዳ እንስሳ ለማደን ወደ አፍሪካ የሚመጣ ሰው .577 አይዝም። ጭስ አልባው ባሩድና የመዳብ ልባስ ፍጥነቱን ስለጨመሩት እርሳሱ ቀንሷል። ለቆርኬና ለአጋዘን 7 ሚሊ ሜትር ወይም ከ1906 ጀምሮ ያለው .30-06 ከበቂ በላይ ነው። ለ.30-06 ብዙዎች የሚመርጡት 180 ግሬን፣ ወደ 12 ግራም የሚጠጋውን ጥይት ነው። ጎሽና አንበሳ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይቀየራል፤ በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ የብዙ የአፍሪካ አገሮች ዝቅተኛ መነሻ ነው። የጥይቱ ክርክር ግን ቤከር የተወው ቦታ ላይ ነው ያለው። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር በ1948 ለገበያ ያቀረበው ጥይት መሃሉ ላይ ግድግዳ አለው፤ የፊቱ እርሳስ ይዘረጋል፣ የኋላው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በኋላም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሰሩ መጡ። ሁሉም የሚፈልጉት ይዘርጋ ግን አይበታተን ነው።

በአንድ ነገር ብቻ የዛሬዎቹ አዳኞች ከቤከር ጋር ይለያያሉ። እሱ ጥይቱ ውስጥ ይቅር ይላል። ብዙዎቹ የዛሬዎቹ ደግሞ ቢወጣ ይሻላል ባዮች ናቸው፤ በሁለት ቀዳዳ የሚፈሰው ደም ቁጥቋጦ ውስጥ የገባን እንስሳ ዱካ ለመከተል ያግዛል። ቆስሎ ጠፍቶ ጅብ እስኪያገኘው የሚሰቃይ አጋዘን ማንንም አያስደስትምና እነዚህኞቹ ትክክል ይመስላሉ። ቤከር ግን ዱካ የሚከተሉለት ሐምራኖች ነበሩት። ኢትዮጵያ ውስጥም ቢሆን ዛሬ እንደ ቤከር ጠመንጃ አንግቶ ወንዝ ለወንዝ መሄድ የለም፤ የስፖርት አደን በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ፈቃድ፣ በኮታና በክፍያ የሚካሄድ ነው።

ቤከር ታህሳስ 30 ቀን 1893 እንግሊዝ አገር ዴቮን በሚገኘው ቤቱ ሞተ። 72 ዓመቱ ነበር። ቤል በኋላ ዝሆን የሚያድንበት 7 ሚሊ ሜትር የሞዘር ጥይት በወጣ በዓመቱ መሆኑ ነው። ፍሎረንስ ከእሱ በኋላ 22 ዓመት ያህል ኖራ በ1916 አረፈች።